ጋሼ ቧንቧን ያባረርኩ ዕለት

ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ የሚሰብክ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ይህን የምለው ከሃይማኖት የተጣላሁ ሆኜ አይደለም። ያደግኩት በምእመናን መካከል ነው፤ ዛሬም እሑድ እሑድ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ እሑድ እሑድም እጣላቸዋለሁ። ባለፈው ወር የጉብኝት አገልግሎት ኮሚቴው ለሐዘንተኛ የሚነበብ ባለ አራት ገጽ የማጽናኛ ጽሑፍ አዘጋጅቶ አቀረበ። ተነሥቼ «ይህን የምታነቡለት ሰው ወረቀቱን ጠቅልሎ አፋችሁ ውስጥ ቢወትፈው እኔ አልፈርድበትም» አልኩ። ሰብሳቢው ሳል ያዘው። አንዳንዶች «እሷ ደግሞ ነገር ትወዳለች» አሉ። እወዳለሁ። ግን በዚህ ነገር ከመሬት ተነሥቼ አልናገርም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ለቤታችን ጎብኚ ተመድቦልን ነበር፤ እሱን ያባረርኩትም እኔው ነኝ።

አባቴና ታናሽ ወንድሙ አናጢዎች ነበሩ። ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አንድ ወርክሾፕ ነበራቸው፤ እዚያ ገብተው ይውሉና ማታ ፀጉራቸው ሰጋቱራ ለብሶ ይመለሳሉ። አንድ ቅዳሜ አጎቴ ደረቴን ወጋኝ ብሎ ጋደም አለ። እሑድን አላያትም።

ከቀብር እንደተመለስን አባቴ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያ መቀመጥ አራት ወር ፈጀ። ለመብላትና ለመተኛት ይነሣል እንጂ ከደጃፋችን ወጥቶ አያውቅም። ወርክሾፑ እንደተቆለፈ ቀረ። ሰው እንዴት ነህ ሲለው «ደህና ነኝ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ጨው አቀብዪኝ ማለት እንኳ ትቶ በጣቱ ያመለክት ጀመር። እናቴ ለጎረቤት «ኧረ ይህ ሰው ወንበሩ ላይ ሥር ሰደደብኝ!» ስትል ሰምቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከእግሩ የዛፍ ሥር ሲወጣ አለምኩ፤ በነጋታው ጎንበስ ብዬ እግሩን ፈትሻለሁ።

አጽናኞቹ ሲጎርፉ አየሁ። መጀመሪያ የመዘምራኑ አለቃ መጣ፤ የአባቴን ጀርባ እንደ ከበሮ መትቶ «በርታ እንጂ! ወንድ አይደለህም እንዴ?» አለው። ቀጥለው እትዬ ጥቅስ መጡ። ስማቸው ይህ አልነበረም፤ ሰላም ሲሏቸውም በጥቅስ ስለሚመልሱ እኛ ልጆች ያወጣንላቸው ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። አባቴ ፊት ቁጭ ብለው፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ «አይዞህ ልጄ፣ እግዚአብሔር የሚወደውን ቶሎ ይወስዳል» አሉት።

«እትዬ፣ ታዲያ እርስዎን አይወድዎትም ማለት ነው?» አልኳቸው።

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ጭኔ ቀላ፤ እትዬ ጥቅስ ከእኔ ጭን ይበልጥ ቀሉ። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ጥያቄዬን አሁንም አልተውኩም። መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

በማግስቱ እናቴ መጋቢውን ጠርታ ወጥ ቤት ውስጥ አነጋገረቻቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ሁሉን አልሰማሁም፤ ድስቱ ይንፈቀፈቃል።

«ከሠለጠኑት አንዱን እንመድብለታለን» አሉ መጋቢው። «ረቡዕ ረቡዕ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። ማን እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚመጣ እኛ ለማንም አናወራም። አንቺም አታውሪ።»

«ባለቤቴ ለሚልኩት ሰው አፉን ይከፍት ይሆን መጋቢ?»

«እኛ የምንልከው ሰው አይቸኩልም።»

መሠልጠን፣ መመደብ፣ ምሥጢር። እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ የማውቃቸው ከሬዲዮ ድራማ ነበር። በድራማው ሠልጥኖ በምሥጢር የሚመደበው ሰላይ ነው። እናቴ ማታ ጠርታኝ «ረቡዕ እንግዳ ይመጣል፤ ለሰው እንዳትናገሪ» ስትለኝ ነገሩ ተረጋገጠልኝ። ዛሬ የእነዚያን ሰዎች ሥራ አውቀዋለሁ። ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ከየሥራቸው ውለው የሚመጡ፣ ስድስት ቅዳሜ ተቀምጠው የተማሩ ምእመናን ነበሩ። ያኔ ግን ማንም አላስረዳኝም። ለአባቴ ሰው ተመደበለት፤ የአጎቷን የሣቅ ድምፅ ለመስማት በር በሩን ለምታይ ልጅ ማንም አልተመደበላትም። ይህንንም በኮሚቴው ላይ አንሥቼ ተጣልቼበታለሁ።

ረቡዕ በአሥር ሰዓት የመጣው ጋሼ ቧንቧ ነበር። የትምህርት ቤታችንን ቧንቧ የሚጠግነው እሱ ስለሆነ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ፣ ልብሱ ዝገትና እርጥብ ሲሚንቶ የሚሸት ትልቅ ሰው ነው። ምንጣፋችንን እንዳያቆሽሽ ጫማውን ደጅ አወለቀ፤ በግራ ካልሲው ቀዳዳ አውራ ጣቱ ወጥቶ እኛን ያያል። እናቴን በአንገቱ እጅ ነሥቶ አባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ደህና ነኝ» አለ አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ደህና ነኝ» አለ ጋሼ ቧንቧ።

አበቃ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሌላ ቃል አልተነገረም። እናቴ ሻይ አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ሸሸች። እኔ ሶፋው ኋላ ተኝቼ ስቆጣጠር፣ ሰውየው ሁለት ጣቱን ጉልበቱ ላይ አጠፈ፤ አጥፎም ቆየ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነሣ፣ የአባቴን ትከሻ ነካ አደረገ፣ ወጣ።

በሚቀጥለው ረቡዕም እንዲሁ። በሦስተኛው አባቴ «ደህና ነኝ። ዝናቡ መጣ» አለ። ጋሼ ቧንቧ ወደ መስኮቱ አይቶ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎ፣ «ደህና ነኝ። አዎ፣ መጣ» አለና ተከረቸመ። አራት ጣት ታጥፎ ቀረ።

እኔ ምክንያቱን ደረስኩበት። አባቴን ዝም የሚያሰኘው ይህ ሰው ነው! እንዲህ ያለ ድንጋይ ፊቱ ተጎልቶበት ማን አፉን ይከፍታል? እንኳን ሐዘንተኛ፣ እትዬ ጥቅስም ጥቅሳቸው ይጠፋባቸው ነበር። ይህ ሰው ካልተነቀለ አባቴ መቼም አይናገርም፤ አባቴ ካልተናገረ ደግሞ ወርክሾፑ መቼም አይከፈትም። ስለዚህ ጦርነት አወጅኩ።

በመጀመሪያ ጫማውን አንዱን ደበቅኩት። ባንድ እግሩ ጫማ፣ ባንዱ ካልሲ አድርጎ በጭቃው ላይ ሄደ፤ ለማንም አልተናገረም። ቀጥሎ አንድ እግሩ ያጠረውን በርጩማ አስቀመጥኩለት። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ጀልባ ወዲያ ወዲህ ሲል ዋለ። ከዚያ ሻዩ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨመርኩ። ፉት አለ። ዓይኑ ተጉረጠረጠ። አባቴን አየው፣ ብርጭቆውን አየው፣ እንደገና ፉት አለ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨረሰው! አባቴ አፉን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ጥርሱን ያመመው መሰለኝ። ለእናቴም «አባዬን ጥርሱን አሞታል» ብዬ ነግሬያታለሁ። አባቴ እየሣቀ እንደነበር የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

ስምንተኛው ረቡዕ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ሰውየው ሲወጣ ከአጥሩ በር ላይ ጠበቅኩት። 

«ጋሼ፣ አባዬ መልእክት ልኮልዎታል» አልኩ።

«ለእኔ?» ሙሉ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወፍራምና ደስ የሚል።

«‹ከእንግዲህ ወደ ቤቴ እንዳይመጣብኝ› ብሏል።»

ያ ትልቅ ሰውዬ ከፊቴ በርከክ አለ። «እንዲህ አለ? በራሱ አፍ?»

«በራሱ አፍ።»

«ከእንግዲህ፣ ወደ፣ ቤቴ፣ እንዳይመጣብኝ» አለ፣ እነዚያን ወፋፍራም ጣቶች እያጠፈ። ፊቱ ላይ የመጣውን ብርሃን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወር ሙሉ ደርቆ የከረመ ቧንቧ በድንገት ውኃ ሲተፋ ያየ ሰው ይመስል ነበር። «አራት ቃል! አንቺ ልጅ፣ አራት ቃል እኮ ነው፣ ያለ ደህና ነኝ! ተመስገን! ተመስገን!» ራሴን ዳበሰኝና እየሮጠ ይሁን እየሄደ በማይለይ እርምጃ ወጣ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰው ተባሮ ደስ ይለዋል? ተናደድኩ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን እርምጃው ቀዘቀዘ፣ ትከሻውም ወረደ። ኋላ እንደሰማሁት በቀጥታ መጋቢው ዘንድ ሄዶ መጀመሪያ «ተናገረ!» ብሎ አበሠራቸው፤ ከዚያ ተቀምጦ «ግን ያለው ነገር አትምጣብኝ ነው» አለ። አትምጡ ያለን ቤት አይገፉም፤ ደንባቸው ነው። መጋቢውም ራሳቸው ሳምንቱን አሳልፈው ሊመጡ ወሰኑ።

ረቡዕ ሆነ። አሥር ሰዓት ሆነ። እኔ ሶፋው ላይ እንደ ንግሥት ተንሰራፍቼ አባቴ እስኪናገር ጠበቅኩ። አባቴ በሩን አየ። ከሩብ ሲሆን አንገቱን አስግጎ በመስኮቱ አየ። ከሃያ ሲሆን ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ሰውየው የት ቀረ?»

ወጥ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ። እናቴ እጇ እንደረጠበ ብቅ አለች። «ምን አልክ?»

«የረቡዑ ሰው። ታሞ ይሆን እንዴ?» አጎንብሶ ጫማውን ከወንበሩ ሥር ይጎትት ጀመር። ጫማው አቧራ ጠጥቷል፣ ክሩም እንቢ አለው። «ቤቱን የሚያውቅ አለ?»

እናቴ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ጠላትን መከታተል ደንብ ስለሆነ ሁለት ቀን ተከትዬው ሄጃለሁ። ዝም ልል አሰብኩ። ግን አባቴ ጫማ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል። አራት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ይህን አልነበረም? እኔ ካልመራሁት ተመልሶ ይቀመጣል፤ ከመራሁት ጉዴ ይወጣል። ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ጫጩት ሆኖ።

መንገድ ላይ አባቴ እንደ ሕመምተኛ በዝግታ ይራመዳል፤ ፀሐዩ ዓይኑን አስጨንቆታል። እኔም ጉዴን ለማዘግየት ዙሪያ ጥምጥም ወሰድኩት። በዳቦ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ እንደገና በዳቦ ቤቱ።

«ይህን ዳቦ ቤት አሁን አላለፍነውም?» አለ።

«ያኛው ሌላ ነው።»

«ባለቤቷም ሌላ ናት? ሁለት ጊዜ ሰላም አለችኝ እኮ።»

 እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። መዳፉ ለስልሶ ነበር፤ የእኔ አባት መዳፍ እንዲያ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አቋራጩን ያዝኩ።

የጋሼ ቧንቧን በር ስናንኳኳ ከውስጥ የሴት ድምፅ «ግፉት! በትከሻ ነው የሚከፈተው!» አለ። አባቴ ገፋው። በሩ መሬቱን እየፋቀ፣ እንደሚታረድ ፍየል እየጮኸ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። በጠበበው ክፍተት ጎናችንን አሹልከን ገባን። ጋሼ ቧንቧ ማዕድ ቤት ሆኖ ሽንኩርት ሲከትፍ ነበር። አባቴን ሲያይ ቢላዋው በእጁ እንዳለ ደነዘዘ።

«ለምን ቀረህ?» አለ አባቴ።

ሰውየው ሁለት ጣት አጠፈ። «ልጅህ ከለከለችኝ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እንዲህ ስሆን ደግሞ የማውቀው አንድ መከላከያ ብቻ ነው፤ ማጥቃት። «አዎ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ዝም የሚያሰኝህ እሱ ነው! ድንጋይ ነው! እሱ ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን አላወራህም! ጨውም እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ጫማውም ምድጃው ኋላ ነው ያለው!» ከዚያ ለቅሶዬ ቀደመኝ።

የጋሼ ቧንቧ ሚስት ግድግዳ ተደግፋ ሣቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። «ድንጋይ? ይሄ? የእኔ እመቤት፣ ይሄ ሰው እኮ እንቅልፉንም እያወራ ነው የሚተኛው! መጋቢው ሲያስተምሩ ‹ከምትጎበኙት ሰው አንድ ቃል አታብልጡ› አሏቸው። ለሌላው ሰው አባባል ነው፤ ይሄ ቂል ግን እንደ ቧንቧ በልክ ቆርጦ ያዘው! ‹ዛሬ ሁለት አለኝ፣ ሁለት መለስኩ› እያለ ይመጣል። ቤት ሲገባማ የተጠራቀመውን በእኔ ላይ ነው የሚዘረግፈው!»

ጋሼ ቧንቧ አንገቱን ደፋ። ለእኔ ግን ዓለም ተገለበጠች። አባቴ ዝም ያለው ሰውየው ዝም ስላለ አልነበረም፤ ሰውየው ነበር አባቴን የሚጠብቀው።

አባቴ ግን አይሰማም ነበር። ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል።

«ይህን በር ማን ሰቀለው?»

«እኔ።»

«አንተ! በር ነው ይሄ? ማጠፊያውን ገልብጠህ፣ የላዩን ከታች፣ የታቹን ከላይ፣ ብሎኑንስ በምን ነው የመታኸው፣ በመዶሻ? በመዶሻ ነው አይደል? እግዜር ይይልህ! ሰው ብሎን በመዶሻ ይመታል? አሥር ዓመት በእጁ የሠራ ሰው አይደለህም እንዴ? እኔ መጥቼ ቧንቧህን በእንጨት ብጠግንልህ ደስ ይልሃል? መቃኑስ፣ ኧረ መቃኑን እይልኝ…»

ጋሼ ቧንቧ አሥሩንም ጣት አጥፎ ጨረሰ። እንደገና ከአንድ ጀመረ። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ እጁን ለቀቀው።

አባቴ ዝም ያለው መቃኑ ላይ ጣቱ ሲያርፍ ነው። እንጨቱ ላይ በእርሳስ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ከቁጥሮቹ አንዱ ሰባት ነበር፤ ወገቡ ላይ መስመር የተሰመረበት። ሰባትን እንዲያ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«እሱ ነው የለካው» አለ ጋሼ ቧንቧ በዝግታ። «ዓርብ መጥቶ ለካ። ‹ሰኞ ከወንድሜ ጋር መጥተን እንሰቅልልሃለን፤ እሱ ይጮሃል፣ እኔ እይዛለሁ› ብሎ አሣቀን። ሰኞ ከቀብር ስንመለስ በራችን ያለ መዝጊያ ክፍቱን ነው። ሌላ አናጢ መጥራት ክህደት መስሎ ተሰማኝ፤ ካገኘሁት ቦታ አንድ በር አምጥቼ ራሴ ሰቀልኩት። ስምንት ረቡዕ ሙሉ ይህ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። አንተ ደህና ነኝ ትለኛለህ፤ በሁለት ቃል ይህን እንዴት ልንገርህ ወንድሜ?»

አባቴ ግንባሩን መቃኑ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። በቀብሩም ቀን አላለቀሰም ነበር። ጋሼ ቧንቧ አይዞህ አላለም፣ ጥቅስ አልጠቀሰም፣ በርታም አላለም። ሽንኩርት በሚሸት እጁ ትከሻውን ይዞ አብሮት ቆመ። ሚስቱ እኔን ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ፤ እኔም የራሴን አለቀስኩ፤ ለአጎቴ።

ከዚያ አባቴ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ «ካቻቪቴ አምጣ» አለ።

በሩን ነቀሉት። ጋሼ ቧንቧ ከፊት፣ አባቴ ከኋላ ሆነው በጭንቅላታቸው ተሸክመው በመንደሩ መሐል ወጡ፤ እኔ የወርክሾፑን ቁልፍ ለማምጣት ወደ ቤት በረርኩ። ለእናቴ ትንፋሽ አጥሮኝ «በር ይዘው መጡ» ብቻ ብያት ቁልፉን ነጥቄ ሮጥኩ። ምን እንደገባት እንጃ።

ወርክሾፑ ሲከፈት አቧራው ሁላችንንም አስነጠሰን። አባቴ በሩን ሞርሳው ላይ አሰረ፣ መላጊያውን አነሣ፣ አጎቴ ይቆምበት ወደነበረው ጫፍ አየ።  ከዚያ ጋሼ ቧንቧን በዓይኑ ጠራውና «ና፣ ያዝልኝ» አለው።

ያዘ። አያያዙ ግን!

«ወዲያ! ወዲያ አላልኩህም? ይሄ መያዝ ነው? እየተደገፍክበት እኮ ነው!»

«ያዝ አልከኝ፣ ያዝኩ! አሁን ደግሞ አያያዝ አለው?» ጋሼ ቧንቧ ከስምንት ሳምንት ዕዳው ተፈትቶ አፉ ተለቀቀ። «ቧንቧ እንኳ እንዲህ አያማርርም! እንጨት ነው ወይስ ሙሽራ?»

«እጅህ ነው የማይረባው! ማን ነው ያስተማረህ?»

እናቴ የደረሰችው ይኼኔ ነው። ባንድ እግሯ የእሷን፣ ባንዱ የአባቴን ነጠላ ጫማ አጥልቃ፣ ሻሿ ተንሸራትቶ። ከደጁ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ውስጥ ያለው ጩኸት እየባሰ ሄደ፤ አባቴ የሰውየውን ዓይን፣ እጅና ሙያ በየተራ እያነሣ ይወርድበታል።

ፈራሁ። ገና በስንት መከራ ያስወጣሁት አባት ጎብኚውን አሁን ራሱ ሊያባርር ነው። ቀሚሷን ጎተትኳት። «እማዬ፣ ሊጣሉ ነው! ግቢና አስታርቂያቸው!»

እናቴ ደጅ ላይ የተከመረው ሳንቃ ላይ ቁጭ አለች። እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ዓይኗ ሞልቶ፣ ለጸሎት እንደምትጠራኝ ሁሉ ወደ ጎኗ ሳበችኝ።

«እሽሽ! ዝም በይ» አለችኝ። «አባትሽ እየተሳደበ እኮ ነው።»